አራት ጣት እጥፋት

በልጅነቴ ከተማ ማለት ለእኔ የፍኖተ ሰላም መሀል መንገድ ነበር። ቀያችን የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ስለሚርቅ የምንወርደው በገበያ ቀን ብቻ ነው። አባቴ ጤፉን ሸጦ ሲጨርስ አህያዋን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ፣ እጄን ይዞ ሱቆቹን ያሳየኛል፤ ምንም ባንገዛ እንኳ። ካሴት ቤቱ በር ላይ ቆመን ዘፈን እንሰማለን። በፎቶ ቤቱ መስኮት በኩል ግድግዳው ላይ የተሳለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ይታያል፤ ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሣው እሱ ፊት ቆሞ ነው። ከፎቶ ቤቱ ቀጥሎ ያለው በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪናቸውን ደርድረው ይቀመጣሉ።

ሰባተኛ ክፍልን ያለፍሁ ጊዜ አባቴ ጨርቅ ሱቅ አስገባኝ። ሰማያዊውን ልመርጥ ስል፣ “ቢጫው ይሻላል እታለሜ፤ ገበያ መሀል ብትጠፊኝ ከሩቅ እለይሻለሁ” አለኝ። ቢጫው ተቆረጠ።

በረንዳው ላይ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ለካኝ። ልኩ ግን አባቴን አላጠገበውም።

“ከታች እጥፋት ይተዉላት፤ ገና ታድጋለች።”

“ስንት ጣት?”

“አራት።”

“አራት! የሚያሳድጉት ልጅ ነው ወይስ ባሕር ዛፍ?”

አባቴ እስኪያስለው ሣቀ። ቀጠሮው ለሁለት ሳምንት ሆነ። “ቀሚሱ ሲደርስ ፏፏቴው ፊት አብረን ፎቶ እንነሣለን” አለኝ። እሱ በዕድሜው ፎቶ ተነሥቶ አያውቅም።

ቀጠሮው ሳይደርስ አባቴን ወባ ጣለው፤ በአራተኛው ቀን ሞተ። ፎቶ ስላልነበረው ጋቢውንና ዱላውን ይዘው አለቀሱለት።

አክስቴ የሐዘን ልብስ እንደሌለኝ አየችና፣ “ሰፊው ዘንድ ያለው ቀሚስ ይቀለም” ብላ ወሰነች። በቀጠሮው ቀን ሁለታችን ወረድን። ልብስ ሰፊው ከሩቅ ሲያየኝ፣ “ባሕር ዛፏ መጣች! አባትሽስ? ፎቶው ዛሬ አይደል?” አለኝ። መሞቱን የነገረችው አክስቴ ናት። ቆቡን አወለቀና ቀሚሱን ዘርግቶ፣ “አንድ ጊዜ ልበሻት፣ ልኳን ልይ” አለኝ። እጄን ስሰድ አክስቴ ቀድማ ተቀበለችው።

“ሐዘንተኛ ቢጫ አትለብስም።”

እኔም ቢጫውን ቀሚስ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አልለበስሁትም። ጥቁር ቀለም ገዝተን ቤት ስንገባ በፈላ ውኃ ተነከረ። ጨርቁ ጠቆረ፤ ክሩ ግን ናይለን ስለነበር ቀለሙን አልያዘም። በየስፌቱ ቢጫ መስመር ቀረ። በአርባው ተዝካር ላይ አንዲት ጎረቤታችን ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ “እናንተ ቤት ደግሞ ሐዘን ባለ ጥለት ነው?” አለች። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

በሚቀጥለው ገበያ እናቴ ራሷ ወደ ልብስ ሰፊው ወሰደችኝ። ቢጫውን ክር እየፈታ ሁሉንም በጥቁር ደገመው። የታችኛው እጥፋት ላይ ሲደርስ ቆመ። እሱ በእጅ የተሰፋ ስለሆነ ክሩ ከውጭ አይታይም።

“ይቺን አልነካትም እናት ዓለም” አላት እናቴን። “አባቷ ያዘዛት ናት። ስታድግ ራሷ ትፍታት።”

ሐዘኑ ከወጣ በኋላም ሌላ የክት ልብስ ስላልነበረኝ ቀሚሱን ለቤተ ክርስቲያንም ለገበያም ለበስሁት። በየዓመቱ አጠረ። ሴቶቹ ጓደኞቼ፣ “ቀሚስሽ ጭቃ ፈርቶ ነው የተሰበሰበው?” እያሉ ይሥቁብኛል። እናቴ “ፍቺው እንጂ!” ስትለኝ “ይበቃኛል” እላለሁ። እውነቱን ግን ለማንም አልነገርሁም፤ እጥፋቱ ውስጥ ቀለም ያልደረሰበት ቢጫ ጨርቅ ተደብቆ የቀረ ይመስለኝ ነበር።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ስመደብ በዚያው መንገድ ወደ መናኸሪያ አለፍሁ። በረንዳው ለመንገድ ማስፋፊያ ፈርሷል። ልብስ ሰፊው የት እንደገባ ብጠይቅ የሚያውቅ አጣሁ። ፎቶ ቤቱ አለ፤ ፏፏቴው ላይ ግን ነጭ ቀለም ተቀብቶበታል።

ባለፈው ቅዳሜ የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ገበያ ሲወጡ ቀሚሱን ከሻንጣዬ አወጣሁና የእጥፋቱን ክር በምላጭ ፈታሁት። ውስጡም ጠቁሯል። ቀለሙ ያልደረሰበት ቦታ አልነበረም። ለበስሁትና ቁልቁል አየሁት። አራቱም ጣት ወርዶ ጉልበቴን አልሸፈነልኝም። አባቴ አሁን ገበያ መሀል ቆሞ ቢያየኝ፣ ከሩቅ አይለየኝም።