የስቱዲዮው ጥቁር ኮት

«ልጄ መጣ እንዴ?» አሉኝ ዛሬ አንዲት እናት፣ ፎቶ ስቱዲዮዬ ውስጥ ምስማር ላይ የተሰቀለውን ጥቁር ኮት ጨብጠው።

ከቋራ ገጠር ነው የመጡት። ልጃቸው ለሥራ ሱዳን ከተሻገረ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ጉርድ ፎቶውን እንዳሳድግላቸው ይዘው መጥተዋል። ፎቶው ላይ ልጁ ኮት ለብሷል። ያው ምስማር ላይ ያለው ኮት ነው።

ለማታውቁት፦ እዚህ ገንዳ ውሃ ከተማ ኮት ለብሶ ጉርድ ፎቶ የተነሣ ወንድ አብዛኛው የለበሰው የእኔን ነው። በዚህ ሙቀት ማን ኮት ይገዛል?

«እማማ፣ ኮቱ የስቱዲዮው ነው። ሁሉም ለብሶት ይነሣና ይመልሰዋል» አልኳቸው።

ኮቱን ግን አልለቀቁትም። ቆይተው ነጠላቸው ላይ ደረቡትና ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ።

«እንግዲያስ እኔንም በዚህ ኮት አንሣኝና ከልጄ ጎን አድርገኝ።»

አነሣኋቸው። ኮምፒውተር ላይ ከልጃቸው ጎን አደረግኳቸው፤ እናትና ልጅ አንድ ኮት ለብሰው።

ሊወጡ ሲሉ የኮቱ ቁልፍ መላላቱን አይተው መርፌና ክር ጠየቁኝ።

«ሲመጣ አብረን እንነሣለን፤ ያኔ የሚለብሰው እሱ ነው» እያሉ አጥብቀው ሰፉት።

እናንተ ቤትስ በስቱዲዮ ኮት ተነሥቶ፣ ፎቶው ግድግዳ ላይ ሆኖ እሱ የሚጠበቅ ሰው አለ? እስኪ አሳዩኝ።