የሽርሽር ጀልባዋ መጋረጃ

ይህ የደረሰብኝ በጣሊያን ጊዜ፣ ደብረ ታቦር ላይ ነው። በቅርቡ ልጄ ሙሉ አዲስ ቤት ገብታ «እማዬ፣ መጋረጃዬን ነይና እይልኝ» ብላ ወሰደችኝ። የሀገር ጥበብ አሠርታ ሰቅላለች። እኔ ግን ከጨርቁ በፊት ያየሁት ጥለቱ ወደየት እንደሆነ ነው። ወደ ታች ነው። ተመስገን ብዬ ተቀመጥሁ።

ሙሉ ለምን እንዲህ እንደምሆን ታውቃለች። ለሌላ ሰው ግን ነግሬ አላውቅም። የእኔ ትምህርት ከአባቴ ዘንድ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ከመድገም አላለፈም። ስለዚህ እንደሆነው አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ባለቤቴ ተገኘ ገበሬ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ገብስና ስንዴ እናርስ ነበር። አንድ የገበያ ቀን «ለሽፍቶች እህል ታቀብላለህ» ብለው ከመንገድ ያዙት። ሽፍቶች የሚሏቸው አርበኞቹን ነው። እርግጥ ነው፣ ያቀብል ነበር። ወስደው ምሽጉ ውስጥ ካለው እስር ቤት አስገቡት። እኔ ሙሉን አዝዬ ከተማ ገባሁና ከእትዬ ብርቄ ቤት ተጠጋሁ። እትዬ ብርቄ የእናቴ ዘመድ ናቸው። ባላቸው ሞቶባቸው፣ ሱፍና ጥጥ እየፈተሉ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር።

በየቀኑ አገልግል ይዤ ከምሽጉ በር እቆማለሁ። ዘበኞቹ ምግቡን ተቀብለው ይገቡና ቆይተው ባዶውን ይመልሱልኛል። እሱን ግን አያሳዩኝም። አገልግሉ ባዶውን ሲመለስ ደስ ይለኝ ነበር። በልቷል ማለት ነው፣ አለ ማለት ነው። ተጠራርጎ የተመለሰ ቀን ደግሞ «ዛሬስ ርቦት ኖሯል» ብዬ ለማግሥቱ እጨምርበታለሁ።

በዚያ ሰሞን አንድ ጣሊያን ነጋዴ ስፌትና ፈትል የሚያውቁ ሴቶች ይፈልጋል ተባለ። ሰውየው ጣና ላይ ጀልባ ሊያሠራ ነው። ጀልባዋ ዓሣም እህልም አትጭንም። ለዕረፍት የሚመጡ ሹማምንት ከነሚስቶቻቸው እየተከራዩ ሐይቁ ላይ የሚዝናኑባት፣ የሚያድሩባት ናት። ታችኛው አካሏ ሐይቁ ዳር ይሠራል። መኝታ ክፍሏ ግን አናጺዎቹ እዚህ ስለነበሩ ደብረ ታቦር ተሠርቶ፣ በካሚዮን ተጭኖ ወርዶ ይገጠማል። እኛ የምንፈለገው ለክፍሉ የውስጥ ሥራ ነበር፤ ለፍራሹ፣ ለትራሱ፣ ለመጋረጃው።

ለነጋዴው የሚያስተረጉምለት ከምሽጉ የመጣ ሰው ነው። ከመረብ ማዶ የመጣ፣ ዝምተኛ፣ ነጭ ፀጉር ጣል ጣል ያደረገበት ሰው ነበር። እትዬ ብርቄ ገፋ አድርገው ወደ እሱ አቀረቡኝ።

«ጌታው፣ የዚች ባሏ እናንተ ዘንድ ታስሯል። እጇ የዋዛ እጅ አይደለም። እሷ ትሥራላችሁ፣ እናንተም ባሏን ልቀቁላት።»

ሰውየው ለነጋዴው ነገረው። ነጋዴው ብዙም ሳያስብበት፣ እየሳቀ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። አስተርጓሚው «ሥራው ካማረና ቶሎ ካለቀ ለአዛዡ እነግርላታለሁ፣ ይለቀቃል ብሏል» አለን። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ክፍሉ ካማረ ተገኘ ይወጣል።

ክፍሉ ከአናጺዎቹ ዳስ ሥር በግንድ ላይ ተቀምጧል። መጀመሪያ የገባን ቀን እኔና እትዬ ብርቄ አፋችንን ይዘን ቀረን። ግድግዳው ዝግባ ነው፤ እንደ መስተዋት ተልጎ በቅባት ተወልውሏል። በግራና በቀኝ መቀመጫ አለ። መቀመጫው ሲከፈት ሣጥን ነው፣ ሲዘረጋ አልጋ ይሆናል። ገበታው በማጠፊያ ተይዞ ከግድግዳው ጋር ይለጠፋል። ጥግ ላይ የጋዝ ምድጃ፣ የሳሕን መደርደሪያ አለ። ሳሕኑ ሐይቁ ሲናወጥ እንዳይወድቅ ከፊቱ ዘንግ ተጋድሞበታል። ከምድጃው ቀጥሎ አንዲት ጠባብ በር ነበረች። እትዬ ብርቄ ከፍተው አዩና ወዲያው ዘጓት።

«ምንድን ነው?» አልኋቸው።

«ሽንት ቤት ነው ይላል አናጺው። በስመ አብ! ወጡ እዚህ፣ መኝታው እዚህ፣ ያ ደግሞ እዚህ!»

«ውሃ ላይ ናቸዋ እትዬ፣ ሜዳ የት ያገኛሉ?»

«እና ሀገሩን ሁሉ ይዘው ለዚህች ቦታ አጡ?»

ሳቅን። ተገኘ ከታሰረ ወዲህ የዚያን ቀን መሳቄ ትዝ ይለኛል።

ሥራውን እንደ ስእለት ያዝሁት። የበግ ጠጉሩን ደጋግሜ አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣ በጣቴ እያባዘትሁ ፍራሹን ሞላሁ። ጉጥ እንዳይኖረው ራሴ ተጋድሜበት አየሁ። ሙሉን አስተኝቼበት ደግሞ አየሁ። ልጄ በሕይወቷ እንደዚያ ባለ ነገር ላይ ተኝታ አታውቅም፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። አስተርጓሚው ገብቶ እንዳያይብኝ ፈርቼ ፈጥኜ አነሣኋት። አንዳንድ ጊዜ እየመጣ ሥራውን ያያል። «ተገኘን አዩልኝ ወይ?» እለዋለሁ። መጀመሪያ ላይ «ደኅና ነው» ይለኝ ነበር። በኋላ በኋላ «ሥራሽን ጨርሺ» ብቻ እያለ ይወጣል። ሥራው ስለዘገየ ተቆጥቶ መሰለኝ።

በመጨረሻ መጋረጃው ቀረ። ነጋዴው ከገበያ ቀይ ጥለት ያላቸው አዳዲስ ነጠላዎች አስገዝቶ፣ ለየመስኮቱ ልክ ቁረጡ አለ። አዲስ ነጠላ መቁረጥ እጄን አሳሳው፤ ግን ቆረጥሁ። መስኮቶቹ ከመቀመጫው በላይ ዝቅ ብለው የተከፈቱ ናቸው። መጋረጃው ሲወርድ ጫፉ መቀመጫውን ይነካል። እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ ጠንቃቃ ነኝ፤ ነገር እንዳይበላሽብኝ ሁልጊዜ እጨነቃለሁ። የሚጋደመው መኮንን ነው፤ ከነጫማው እግሩን ይሰቅላል፤ ያን የመሰለ ቀይ ጥለት ጭቃ ሊነካው ነው ብዬ አሰብሁ። ስለዚህ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ፣ ነጩን ወደ ታች ለቅቄ ሰቀልሁት። ነጭ ቢቆሽሽ ይታጠባል አልሁ።

እትዬ ብርቄ ውጭ የተረፈውን ሱፍ እያባዘቱ ስለነበር አላዩኝም። ቢያዩ ኖሮ ጮኸው ያስወርዱኝ ነበር። ሴት ነጠላዋን ጥለቱን ወደ ላይ አዙራ የምትለብሰው ሰው ሲሞትባት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በሀገራችን የለም፤ ሕፃን ያውቀዋል። እኔም አውቃለሁ። ግን በእጄ ይዤ የነበረው የመስኮት ልክ ነው፣ ልቤም ያለው የመኮንኑ ጫማ ላይ ነበር። አልታየኝም።

አንድ መስኮት ሲቀረኝ አስተርጓሚው ገባ። ዙሪያውን አየ። ከዚያ ካለበት ቆመ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁና ሥራዬን አበላሸሁ ብዬ ደነገጥሁ። በበሩ ወደ ውጭ አየት አድርጎ በሩን መለሰና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ማን ነገረሽ?» አለኝ።

«ምኑን ጌታዬ?»

ዓይኑ መጋረጃው ላይ ነው። እኔም ዞሬ አየሁ። ያኔ ታየኝ። ክፍሉ ዙሪያውን ለቅሶ ለብሷል።

«ተሳስቼ ነው፣ አሁን አዞረዋለሁ፣ ጫማ እንዳይነካው ብዬ ነው» ማለት ጀመርሁ። ተናግሬ ሳልጨርስ ግን የጠየቀኝ ነገር ገባኝ። ማን ነገረሽ ነው ያለኝ። የሚነገረኝ ነገር ነበረ ማለት ነው።

«መቼ?» አልሁት።

ሰውየው በሠራሁት ፍራሽ ላይ ተቀመጠ። ባርኔጣውን አወለቀ። «ቆይቷል» አለኝ። «በሽታ ገብቶ ነበር። ብዙ ሰው ነው ያለቀው። ሥራው ካለቀ በኋላ እነግራታለሁ ብዬ ነው። አንቺ እንዳትባረሪ፣ እኔም…» አልጨረሰውም።

«አገልግሉስ?» አልሁ። ለምን ከሁሉ በፊት ይህን እንደጠየቅሁ አላውቅም። «ባዶውን ነው የሚመልሱልኝ እኮ።»

መሬት መሬት አየ።

ያን ጊዜ መጮህ ነበረብኝ። በእኛ ሀገር ሴት ባሏ ሞተ ሲሏት ዝም ብላ አትቆምም። ግን ሙሉ ከጀርባዬ ናት፣ ከበሩ ውጭ አብሮት የመጣ ወታደር አለ። ጩኸቴ ወደ አፌ መጥቶ ጥርሴ ላይ ቆመ። ግድግዳውን ያዝሁ።

«እኅቴ» አለኝ፣ ከዚያ በፊት እኅቴ ብሎኝ አያውቅም። «ከምሽጉ በስተጀርባ ወይራ አለ። ከወይራው ሥር ነው ያለው፤ ከሌሎቹ ጋራ። እኔ ነገርኋት እንዳትይ። ካወቁ እኔንም እዚያው ነው የሚጨምሩኝ። ልጅ አለኝ።»

በዚህ መሐል ነጋዴው እየተናገረ መጣ። አስተርጓሚው ብድግ ብሎ ባርኔጣውን ደፋ። ነጋዴው ፍራሹን በመዳፉ ጫን ጫን አደረገው፣ ገበታውን አወረደ፣ አነሣ። ጠባቧን በር ከፍቶ ዘጋ። በጣም ደስ ብሎታል። ከዚያ መጋረጃውን እያሳየ አንድ ነገር ጠየቀ። አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞረ።

«ለምን ቀዩ ከላይ ሆነ ይላል። ላስወርደው ወይስ ይቆይ?»

የኋለኛውን የጠየቀኝ ነጋዴው አይደለም፣ ራሱ አስተርጓሚው ነው። በዓይኑ አወቅሁት።

«ይቆይ» አልሁ።

በጣሊያንኛ የሆነ ነገር ነገረው። ነጋዴው ሳቀና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ወጣ። በኋላ «ጌታዬ፣ ምን አሉት?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ለታላቅ ሰው ሲሆን በዚህ ሀገር እንዲህ ነው የሚሰቀለው አልሁት» አለኝ።

አንድ መስኮት ቀርቶ ነበር ብያለሁ። ያን ራሴ ሰቀልሁት። የፊተኞቹን ስሰቅል አላወቅሁም። ያን ግን እያወቅሁ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ፣ እጥፋቱን አስተካክዬ ሰቀልሁት።

ሳልጮህ ቤት ደረስሁ። ለእትዬ ብርቄ በጆሯቸው ነገርኋቸው። አፋቸውን በነጠላቸው ጎሰሩና ወለሉ ላይ ተደፉ። ጎረቤት እንዳይሰማ ተቃቅፈን ያለ ድምፅ አለቀስን።

ከዚያ የባሰው የሚቀጥለው ነው። ምግብ ማምጣቴን ባቆም ማን ነገራት ይላሉ፣ ሰውየው ይያዛል። ስለዚህ በማግሥቱ አገልግሉን ይዤ ሄድሁ። ዘበኛው ተቀበለኝ። «ዛሬ ምን አመጣሽለት?» አለኝ እየሳቀ። «ሽሮ ነው» አልሁት። «ባልሽ ሥጋ ያምረዋል» አለኝ። ቆይቶ ባዶውን መለሰልኝ። ለማን እንደሆነ እያወቅሁ፣ ራሳቸው ጠርተው እስኪነግሩኝ ድረስ ተመላለስሁ። ሲነግሩኝ እንዳልሰማ ሰው መጮህ ነበረብኝ። እሱ ግን አልቸገረኝም።

ከመነገሬ በፊት ክፍሉ ተጫነ። ካሚዮኑ ሲወጣ እኔና እትዬ ብርቄ መንገድ ዳር ቆመን አየን። ቀኑ ገበያ ነበርና ሰው ይበዛል። ክፍሉ ከነመስኮቶቹ ከፍ ብሎ ይታያል፤ መጋረጃዎቹ ሁሉ ቀያቸውን ወደ ላይ አድርገው ይወዛወዛሉ። የእኔ ነጠላ ጥለት ግን ወደ ታች ነበር፤ ገና ለቅሶ አልተፈቀደልኝም።

አንዲት የማላውቃት ገበያተኛ ሸክሟን አሳርፋ ተቀምጣ ነበር። ካሚዮኑ አጠገቧ ሲደርስ ቀና ብላ አየች። ምን እንደታያት እንጃ፣ ብድግ ብላ ቆመች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ ለበሰች። አጠገቧ ያሉት ሴቶች እሷን እያዩ ተነሡ። አስከሬን ሲያልፍ እንደሚደረገው፣ ካሚዮኑ እስኪያልፍ ጸጥ ብለው ቆሙ። ሾፌሩ ለሰላምታ የተነሡ መስሎት እጁን አወዛወዘላቸው።

ተገኘ የተሸኘው እንደዚያ ነው። ሌላ ቀብር አላገኘም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ቄስ ይዤ ከወይራው ሥር ፍትሐት አስደርጌያለሁ፤ የትኛው አጥንት የሱ እንደሆነ ግን ማንም ሊነግረኝ አልቻለም።

ጀልባዋ ሐይቁ ላይ ስትሄድ አይቻታለሁ የሚል ሰው አጋጥሞኝ ነበር። መስኮቶቿን ልጠይቀው አልሁና ተውሁት። ስንት ሰው ተከራይቷት በዚያ ሱፍ ላይ እየሳቀ እንዳደረ አስባለሁ። አንድ ጊዜ እናደዳለሁ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ለባሌ ሐይቁን ሙሉ ያለቀሱለት እነዚያ መጋረጃዎች ናቸው እላለሁ።

የማልጨርሰው የአስተርጓሚውን ነገር ነው። እያወቀ ሥራሽን ጨርሺ እያለ አሠራኝ። ያው ሰው ደግሞ አንገቱን ለገመድ ሰጥቶ የወይራውን ቦታ ነገረኝ። ባይነግረኝ ተገኘ የት እንደወደቀ እስከ ዛሬ ባላወቅሁ። ስሙን አልጠየቅሁትም። ጸሎት ሳደርስ የሙታኑን ስም ጠርቼ ስጨርስ «ያንንም ሰው፣ ጌታ ሆይ» እላለሁ። ምን እንዲያደርግለት እንደምለምን ግን እስካሁን አላወቅሁም። እዚያ ላይ ስደርስ ዝም እላለሁ።