አቶ ደግሰው ያልቆጠሯት ጳጉሜን

ሰቆጣ ላይ አቶ ደግሰውን የማያውቅ ባለጉዳይ አልነበረም። ሠላሳ ስምንት ዓመት በፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ተቀምጠው ቀጠሮ ሲመዘግቡ ኖረዋል። ከሩቁ ሰሃላ በእግሩ የመጣን ገበሬ በተሳሳተ ቀን ቀጥረው በከንቱ አላመላለሱም። ጡረታ ከወጡም በኋላ የሚኮሩበት ይኸው ነበር።

ልጃቸው ሰላማዊት ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ከኖርዌይ ስትመጣ፣ የዚያን አገር ዜግነት ወስዳ ስለነበር በተወለደችበት ምድር እንግዳ ሆና ገባች። ነሐሴ አሥራ አምስት ቦሌ ስትደርስ ቪዛ ተመታላት፤ በአሥራ ሰባት ሰቆጣ ገባች። ከተማው በሻደይ በዓል ላይ ነበር። ልጃገረዶቹ ለምለሙን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው ሲጨፍሩ አባትና ልጅ ቆመው አዩ። ሁለቱም ያሰቡት አንድ ሰው ነው። ያን ሣር በልጅነቷ የምታስርላት እናቷ ወለተ ሐና ነበረች። ሰላማዊት ለቀብሯ አልደረሰችም፤ አሁን የመጣችው ለሰባት ዓመቱ ተዝካር፣ ለመስከረም አሥራ ሁለት ነው።

"ጋሽ ደግሰው፣ ስለ ቪዛው ምንም አያስቡ፤" አለ ጎረቤታቸው ሹፌሩ ዋሴ። "ለውጭ ዜጋ ሦስት ወር ነው የሚሰጡት። እኔ ያመላለስኩት ፈረንጅ ለገና መጥቶ ሁዳዴን ከእኛ ጋር ሲጦም ነበር!"

"የእኔ ሠላሳ ቀን ይላል፤" አለች ሰላማዊት።

"ኢንተርኔቱ ግን ዘጠና ይላል እኮ።"

አቶ ደግሰው መነጽራቸውን አድርገው ፓስፖርቱን ተቀበሉ። "ወሬውን ተወው፣ ሰነዱ ይናገር። ሠላሳ ቀን አንድ ወር ነው። መስከረም አሥራ አራት ይሞላል። ተዝካሩን አውጥተሽ በማግሥቱ ትነሻለሽ።"

ክርክሩ ተዘጋ። ጌሾ ተገዛ፣ ዘመድ ተጠራ።

ነሐሴ ሃያ ዘጠኝ ሰላማዊት ስልኳን እያየች ፊቷ ተለወጠ። "አባዬ፣ መስከረም ዘጠኝ ነው የሚያልቀው።"

"ስልክሽ ተሳስቷል።"

"ጳጉሜንን ቆጥረዋታል?"

አቶ ደግሰው አልቆጠሯትም ነበር። ፍርድ ቤት ነሐሴ ተዘግቶ የሚከፈተው መስከረም ካለቀ በኋላ ነው፤ ለጳጉሜን ደመወዝም የለም። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ባለጉዳይ ለጳጉሜን ቀጥረው አያውቁም። ሰው ዕድሜውን የሚቆጥረው በእንጀራው መቁጠሪያ ነው መሰለኝ፤ ከዚያ ውጭ የወደቀው ቀን ፀሐይ እየወጣለትም ያልነበረ ይሆናል።

"ይግባኝ ይበሉ እንጂ!" አለ ዋሴ ሊያስቃቸው። ማንም አልሳቀም። ቪዛውን ለማራዘም አዲስ አበባ ድረስ መውረድ ነው፤ ሄዳ ወረፋ ጠብቃ እስክትመለስ የተዝካሩ ቀን ያልፋል።

አቶ ደግሰው ነጠላቸውን ለብሰው ወደ ነፍስ አባታቸው ወደ ቄስ ትእዛዙ ሄዱ።

"አባ፣ የተዝካሩን ቀን ይለውጡልኝ።"

ቄሱ ሳቁ። "በመሬቴ ጉዳይ ስለምንህ 'ያለ በቂ ምክንያት ቀጠሮ አይለወጥም' ብለህ የመለስከኝ አንተ አይደለህም?"

"እኔ ነኝ። አሁን በቂ ምክንያት አለኝ። እናቷን አልቀበረችም።"

የቄሱ ሳቅ ቆመ። "ዘመን መለወጫው ሳይገባ ጳጉሜን አምስት ይሁን። ወለተ ሐና ልጇ በሌለችበት ምን ትላለች?"

ጠላውን የሚጠምቁት ሴቶች ጮኹ። "ጠላው መቼ ሊደርስ ነው!" አልደረሰምም፤ ጉሹ ቀረበ። ፍትሐቱ ከተደረገ በኋላ ሰላማዊት የእናቷን ነጠላ አደግድጋ፣ ጋኑ ሥር ቆማ በእጇ ቀዳች። የኖርዌዩ ቀሚሷ በጉሽ ተበላሸ። አቶ ደግሰው ከጥግ ሆነው ሲያዩዋት አቋቋሟ የወለተ ሐና ሆነባቸው፤ ዋንጫቸውን እንደያዙ ሳይጠጡ ቆዩ።

መስከረም ሰባት ዋሴ በመኪናው ወሰዳት። አቶ ደግሰው ከሸኟት በኋላ አሮጌ ደብተራቸውን አውጥተው፣ ሥራ ላይ ሳሉ በሚጽፉበት በዚያ ቁም ጽሕፈት "ጳጉሜን 5 ቀን፤ ባለጉዳይዋ ቀርባለች" ብለው መዘገቡ።