ዳዶው ላይ ያሰመርኳት መስመር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም፣ ለባለቤቴም። ለማታውቀኝ ለአንተ፣ ለአንባቢዬ ግን ልንገርህ።

በሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ ናይሮቢ ውስጥ፣ ፓርክላንድስ ሰፈር ባለ አንድ ሆስፒታል የአጥንት ሐኪም ነበርኩ። ዮናስ የሚባል ወጣት ሐኪም ከአዲስ አበባ መጣና ቀናሁበት። ለስሜቱ ሌላ ስም አልሰጠውም፤ ቀናሁበት። የዳሌ አጥንት ሲሰበር ከውጭ በኩል የብረት ዘንጎች እንገጥማለን። ዘንጎቹን የሚይዙት ዳዶዎች ከላሉ አጥንቱ ይንሸራተታል፣ ሰውየውም ዕድሜውን ሙሉ ያነክሳል። ዮናስ ዳዶውን ካጠበቀ በኋላ ከዳዶው እስከ ዘንጉ በማርከር አንዲት መስመር ያሰምራል። መስመሯ ከተቆረጠች ዳዶው ላልቷል ማለት ነው፤ ነርሶቹ በዓይናቸው አይተው ያውቃሉ። ይህን ቀላል ነገር እኔ አሥር ዓመት ስሠራ ለምን አላሰብኩትም? አለቃችን በሰው ፊት ባመሰገነው ቁጥር ምሳዬን ትቼ እነሳ ነበር።

ወይዘሮ ራህማ ኢስሊ ገበያ ጨርቅ የሚነግዱ የሞያሌ ሴት ነበሩ። ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ገጭቷቸው ዳሌያቸው ሲሰበር ብረቱን የገጠመላቸው ዮናስ ነው። በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ እሱ ቀዶ ጥገና ላይ ሳለ፣ እኔ አልጋቸው አጠገብ ቆምኩ። መስመሯ ተቆርጣለች። ማጥበቂያው ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር። እኔ ግን አሮጌዋን መስመር በአልኮል ጠርጌ፣ በላላው ዳዶ ላይ አዲስ አሰመርኩ። እኔ ነኝ ያሰመርኩት።

"አሳንቴ፣ አመሰግናለሁ ዶክተር፤ አንተም እንደ ልጄ እንደ ዶክተር ዮናስ ታስብልኛለህ" አሉኝ። ይሄም አናደደኝ።

የፈለግኩት እሱ እንዲያፍር ነበር። እሳቸውስ? በዚያች ደቂቃ አላሰብኳቸውም ብል ውሸት ነው፤ አስቤያቸዋለሁ።

ነርሶቹ መስመሯን አምነው አለፉ። በሳምንቱ ወይዘሮ ራህማ ራጅ ሲነሱ አጥንቱ ከቦታው ሸሽቶ ተገኘ። ዮናስ ሳያጠብቅ አሰመረ ተባለ።

"ጋሼ፣ አጥብቄዋለሁ ብዬ ነበር እኮ። እንዴት ረሳሁት?" አለኝ።

"ያጋጥማል" አልኩት። እሱም መርሳቱን አመነ። ከዚያ ወዲህ ቀዶ ጥገና ተወ፤ ወይዘሮ ራህማም እያነከሱ ወደ ሱቃቸው ተመለሱ።

ይቅርታ አልለምንም። ዮናስ በእኔ ጥፋት ወይዘሮ ራህማ አልጋ ሥር ተንበርክኮ ለምኗል፤ እሳቸውም ፀጉሩን እየዳበሱ ይቅር ብለውታል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያቸው ነበር። ያኔም ቀናሁበት።