ሸምሶ የዘጋው በር

የቡታጅራው ልብስ ሰፊ ሸምሶ ግትር ነው እየተባለ ይታማል። ሐሜቱ ግማሹ ውሸት ነው። ግትርነቱ የራሱ አይደለም፤ ከቴሌቪዥን የቀዳው ነው።

ልጁ መሕቡባ እሱ ሳይፈቅድ የባጃጅ ሾፌሩን ሙባሪክን ያገባች ጊዜ ሽማግሌዎች መጥተው ለምነውት፣ ልቡ ሊራራ ምንም አልቀረውም ነበር። በዚያው ሰሞን የአገሩ መሪ፣ ያ ሲያስል እንኳ ሕዝብ ጸጥ የሚልለት ሰው፣ በቴሌቪዥን ቀርቦ ስለ ገዛ ልጁ ተናገረ። «ቃሌን ጥሳ አገባች፤ በሬን ዘጋሁባት። ቤቱን ያላስከበረ አገር አያስከብርም።»

ሸምሶ ጭኑን መታ። «ሰማችሁ? አባት ማለት እሳቸው ናቸው!» አለና ደግመው የመጡትን ሽማግሌዎች ባዶ እጃቸውን ሸኛቸው።

ከዚያ ወዲህ አረፋ በመጣ ቁጥር፣ ከዋናው በዓል በፊት በሚከበረው የሴቶች አረፋ ቀን፣ መሕቡባ ያነጠረችውን ቅቤ ለአባቷ ቤት ትልካለች፤ እሱም ይመልሰዋል። ሚስቱ ፈቲሀ፣ «የመሕቡባ አባት፣ አላህን ፍራ እንጂ!» ብላ ታለቅሳለች። «እሳቸው የአገር ሸክም ተሸክመው የቻሉትን እኔ ልብስ ሰፊው ያቅተኛል?» ይላታል። ልጅህ ወለደች ሲሉት እንኳ የስፌት መኪናውን መርገጥ አላቆመም። ምነው ያን ቀን እግሩን በያዘው!

ዘንድሮ መሪው ሞተ። ሸምሶ ቀብሩን ከጎረቤቶቹ ጋር ሱቁ ውስጥ ሆኖ በቴሌቪዥን እያየ ሳለ፣ ያቺ በር ተዘጋባት የተባለችው የመሪው ልጅ ልትናገር ወጣች።

«አባቴ ሕዝብ ፊት በሩን ዘጋብኝ» አለች። «ግን ሳይመጣ ሳምንት ቆይቶ አያውቅም። ተደብቆ በጓሮ በር ይመጣና ልጆቼን አዝሎ ግቢውን ይዞር ነበር።»

ሸምሶ ክው አለ። «እንዴ! እንዴ!» አለ። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል፤ እሱ ደግሞ የሰውየውን ቃል ከሰውየው በላይ ጠብቆ ተገኘ። ስንት አረፋ ሙሉ ልጁን ያጣው ለካ እሱ ብቻ ኖሯል!

ሱቁን ሳይዘጋ ወጣ። ከመናኸሪያው ጀርባ ያለውን የልጁን ቤት አንድም ቀን ረግጦት አያውቅም፤ ግን ማንንም ሳይጠይቅ ደረሰ። መሕቡባ በሩን ከፍታ ስታየው ፊቷ አመድ መሰለ።

«እማዬ ሞተች?» አለች።

ሸምሶ በዚህ ይብሱን ደነገጠ። ለካ እሱ እዚህ በር ላይ የሚታየው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። «ደህና ናት... ደህና ናት። አፉ በይኝ ልጄ፣ ይቅር በይኝ።»

ከኋላዋ ቀብሩ በቴሌቪዥን ይሰማል። መሕቡባ እንባዋን በሻሿ ጠረገች። «አፉ ብያለሁ፣ አባ። ግባ።»

ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ሲል ግን ከበላዩ ቀስ ብላ ጠየቀችው፦ «ነገ በሟቹ ቦታ የሚሾመው ሰውዬ ደግሞ ሌላ ነገር ቢናገርስ?»

ሸምሶ አንድ ጫማውን እንዳወለቀ፣ ሌላውን እንዳጠለቀ፣ ደጃፉ ላይ ቆመ።