ደካማ ጎኔ

ሰዎች «ተለወጥሽ እኮ!» ሲሉኝ ሳቄ ይመጣል። እንዴት እንደተለወጥኩ የማውቀው እኔ ነኝ፤ የሚያኮራ ነገር የለውም።

ወልቂጤ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ክፍሏ ጠባብ ናት። ግድግዳውን የሞሉ የብረት መደርደሪያዎች፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የሚዘጋ በር። የሚዘጋ በር ለእኔ ከደመወዙ ይበልጥብኝ ነበር። ያደግኩት ቡታጅራ፣ ገበያ ዳር ነው። የገበያ ቀን ጫጫታው ሲበዛብኝ ጆሮዬን ይዤ አልጋ ሥር እገባለሁ። ጎረቤቱ «ነካ ያደርጋታል» ይላል፤ ሌላው «ኩራት ነው» ይላል፤ ዘመድ ደግሞ ከንፈሩን ይመጥልኛል። ከሁሉም ያ ከንፈር መጠጣ ነው የሚያንገሸግሸኝ። ኦቲዝም የሚባል ነገር መኖሩን በሬዲዮ የሰማሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ስሙን ባላውቀውም የሚያሻኝን ግን ቀድሜ አግኝቼው ነበር። ማኅደሮቹን እኔው በራሴ መንገድ ስለደረደርኳቸው የትኛው የት እንዳለ ሳልፈልግ አውቃለሁ። እዚያች ክፍል ውስጥ ደስተኛ ነበርኩ፤ ይህን በኋላ ማንም አላመነኝም።

በዚያን ዘመን ሥልጠና የማይመጣበት ወር አልነበረም። አንድ ቀን «የአመለካከት ለውጥ» የሚሰጥ ሰው ከአዲስ አበባ መጣ። ጫማው ሹል ነው፣ ድምፁ ከአዳራሹ ይበልጣል። ግማሾቹ ያንቀላፋሉ፤ ግማሾቹ አበሉ መቼ እንደሚከፈል ይጠያየቃሉ። ሁለት ሁለት ሆነን ለአንድ ደቂቃ ዓይን ለዓይን እንድንተያይ አዘዘን። የደረሰኝ የግዥ ሠራተኛው ነበር። እኔ ግንባሩን አየሁለት። አሠልጣኙ ያዘኝና አስነሣኝ።

«እህቴ፣ እስከ መቼ ራስሽን ትደብቂያለሽ? ማደግ አትፈልጊም?»

ተጨበጨበ። ሰውዬው ስለ እኔ የሚያውቀው የወንበሬን ቦታ ብቻ ነው። እስከ ዛሬ እንቀዋለሁ።

ከዚያ ግምገማው ደረሰ። አምስት አምስት ሆነን ተደራጅተናል፤ እያንዳንዱ ተነሥቶ ጠንካራና ደካማ ጎኑን ይናገራል፣ ግለ ሂስ ያደርጋል፣ ሌላውንም ይተቻል፣ በመጨረሻ ደረጃው ይጻፍለታል። ሁሉም ጨዋታውን ያውቁታል። «ደካማ ጎኔ አንዳንዴ አረፍዳለሁ» ይላል አንዱ። «እኔ ደግሞ ሥራ ስለማበዛ ለጤናዬ አላስብም» ትላለች ሌላዋ። ይተቃቀፋሉ፣ ጥሩ ጥሩ ውጤት ይሰጣጣሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ። እኔ ይህን አላውቅም። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ግምገማውን ሲከፍተው «ምንም ሳትደብቁ» ብሎ ነበር፤ አመንኩት።

ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ። «ጠዋት ሰላም የማልላችሁ ጠልቻችሁ አይደለም» አልኩ። «በትከሻችሁ ስትገጩኝ ያመኛል፤ ከዚያ እስከ ምሳ ሥራ መያዝ አልችልም።» ቀጠልኩና ወደ ሂሱ ገባሁ። የግዥ ሠራተኛውን ቤቱ የወሰዳቸውን ሦስት ማኅደሮች እንዲመልስ ነገርኩት። ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞርኩ። «እርስዎም ባለጉዳዮችን ማኅደራችሁ ጠፍቷል ይሏቸዋል። ማኅደሮቹ ግን እርስዎ መሳቢያ ውስጥ ናቸው።»

 እኔ የታዘዝኩትን ስለፈጸምኩ ተረጋግቼ ተቀመጥኩ።

ደረጃዬ ላይ «መሻሻል ይጠበቅባታል» ተብሎ ተጻፈ። በሳምንቱ «ለራሷ እድገት ሲባል» ወደ ባለጉዳይ መስኮት ተዛወርኩ። መስኮቱ የጅማን መንገድ ፊት ለፊት ያያል። የጭነት መኪና ጥሩንባ፣ የባጃጅ ጩኸት፣ በአንድ ጊዜ በመስኮቱ የሚገቡ አምስት እጆች። «አሰላሙ አለይኩም»፣ «እህቴ፣ እኔን አስቀድሚኝ»፣ «ኧረ ቀና በይ፣ እዚህ ነን!» ጠዋት ጠዋት ከቤት ከመውጣቴ በፊት ያስመልሰኝ ጀመር። የጣቶቼን ቆዳ ነክሼ ጨረስኩት። ባልደረቦቼ ሲያልፉ «ጎበዝ፣ እየለመድሽ ነው» ይሉኛል።

ለሚቀጥለው ግምገማ መስታወት ፊት ቆሜ ተለማመድኩ። በዕለቱ ጥርሴን ነክሼ ሁሉንም በትከሻ ሰላም አልኩ። ተነሣሁ፣ ፈገግ አልኩ፣ የኃላፊውን ግንባር እያየሁ ተናገርኩ።

«ደካማ ጎኔ ሥራዬን ከልክ በላይ መውደዴ ነው። ባለፈው የሰጣችሁኝ ሂስ ሰው አድርጎኛል።»

ያ ዓይኑን በጨው የታጠበ ኃላፊ ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ። «ለውጥ ማለት ይኼ ነው!» ብሎ አስጨበጨበልኝ። በአንዲት ውሸት መዝገብ ቤቴን መለሱልኝ፤ የአምስት ሰው ቡድን መሪም አደረጉኝ። «ሞዴል ሠራተኛ» የሚል የምስክር ወረቀት ሰጡኝ፣ በሩ ላይ በውስጥ በኩል ለጠፍኩት። ይህን ያህል ርካሽ መሆናቸውን ቀድሜ ባውቅ ስምንት ወር ባላስመለስኩ።

በዓመቱ ከእንሴኖ የመጣች ጸሐፊ ተቀጠረችና እኔ ቡድን ውስጥ ገባች። የማተሚያው ድምፅ እንዳይረብሻት ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ ትከታለች። ሲያናግሯት ጠረጴዛ ታያለች። በመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅኳት። ምሳ ሰዓት መዝገብ ቤት ትመጣለች፤ በሩን እንዘጋና ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን ሳንነጋገር እንበላለን። በሕይወቴ ከሰው ጋር ሆኜ ያልደከመኝ ያኔ ብቻ ነው።

ግምገማው ደረሰ። ኃላፊው ከእኛ ቡድን ጋር ተቀምጧል። መሪዋ እኔ ስለሆንኩ እንደ ደንቡ «ምንም ሳትደብቂ» አልኳት።

«እትዬ፣ እርስዎ ጠዋት ሲጨብጡን እጅዎ ይንቀጠቀጣል» አለች ጠረጴዛውን እያየች። «እኔም አልወድም። ለምን አንተወውም?» ከዚያ ጨመረች፦ «ኃላፊው ደግሞ የደብዳቤ ቀን ወደ ኋላ እየመለስኩ እንድጽፍ ሦስት ጊዜ አዘውኛል።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «እውነቷን ነው» ብል ይበቃ ነበር። ኃላፊው ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥኩትን የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ አየ። ፈራሁ። ብዕሬን አነሣሁና «መሻሻል ይጠበቅባታል» ብዬ ጻፍኩ። ከእኔ እጅ ነው የወጣው፤ ማንም አላስገደደኝም።

በሳምንቱ መስኮቱ ላይ ተቀመጠች። ማኅደር ስትፈልግ ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ትልክልኛለች። ምሳ ሰዓት መምጣቷን ተወች። ከወራት በኋላ በዚያ ሳልፍ ከባለጉዳይ ጋር ስትስቅ አየኋት። ግንባሩን እያየች ነበር።

«አየሽ፣ ተለወጠች እኮ!» አለኝ የግዥ ሠራተኛው።

«አዎ» አልኩት። ገብቼ በሬን ዘጋሁ።