ኪሎው ያልተሰጠ ድንጋይ

ሊወስዱኝ ሲመጡ እያስተማርኩ ነበር። ከሰሌዳው ዞር ስል ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆመዋል። «መምህር፣ ለአጭር ጥያቄ ነው» አሉኝ። ተማሪዎቼ ብድግ አሉ። ምን እንደምላቸው ጠፍቶኝ «ቀጣዩን ጥያቄ ሞክሩት» ብዬ ወጣሁ።

ያስገቡኝ ደብረ ታቦር ዳር ካለ አሮጌ የማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ነው። መስኮት የለውም። በቆርቆሮው ጣራና በግድግዳው መሀል ባለው ክፍተት ትንሽ ብርሃን ይገባል፤ የጉና ብርድም በዚያው ይገባል። የማዳበሪያው ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ሰው ስለበዛ የምንተኛው በየተራ ነበር።

አጠገቤ የደረሰኝ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው የገሳይ ገበሬ ነው። አባቱ ሲሞት ያቋረጠውን ትምህርት ትዳር ከያዘ በኋላ በማታ ቀጥሎ አስራ ሁለተኛን ጨርሷል። አንድ ጊዜ ተፈትኖ ወድቋል። ዘንድሮ በግል ሊፈተን መግቢያ ካርዱን ለመውሰድ ሲመጣ ኬላ ላይ ያዙት። የፊዚክስ መምህር መሆኔን ሲሰማ ፊቱ በራ።

«መምህር፣ የጣለኝ ፊዚክስ ነው። ኢነርጂ ላይ እጠፋለሁ። ያስጠኑኝ።»

«እዚህ ሆነህ ማን ያስፈትንሃል?»

«እስከዚያ ይፈቱኝ ይሆናል።»

ጀመርን። ወረቀት የለ፣ እስክሪብቶ የለ፤ ሁሉም በቃል ነው።

«ድንጋይ ከሃያ ሜትር ገደል ጫፍ ተለቀቀ። የአየሩን ግጭት ተወው። መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ ስንት ነው?»

«ቀመሩ የትኛው ነው?»

«ቀመሩን ተወው። መጀመሪያ ኢነርጂው የት ነበር?»

በጭንቀት «ኪሎው አልተሰጠም እኮ» አለኝ።

በማግስቱም «ኪሎው አልተሰጠም»። በሦስተኛውም ቀን ያው። ቀመሮቹን እንደ ዳዊት ይወርዳቸዋል፤ ጥያቄው ትንሽ ከተጣመመ ግን አንዱን ቀመር ጥሎ ሌላውን ያነሣል። ብርዱ፣ ረሃቡ፣ የምጠየቅበትን አለማወቄ፣ ሁሉም ተጠራቅሞ አንድ ቀን ጮኽኩበት። «ቀመር ቀመር አትበለኝ! ቁጥር ፍለጋ አትሩጥ! ሲጀምር ምን ነበረ፣ ሲያልቅ ምን ሆነ፣ መንገድ ላይ ምን ጠፋ? ይህን ሳትጠይቅ አፍህን አትክፈት!»

ጩኸቱን ሰምቶ ጠባቂው ገባ።

«ስለ ምንድን ነው የምታወሩት?»

«ኢነርጂ ነው። የፈተና ጥያቄ ነው።»

«ሲጀምርና ሲያልቅ ስትል ሰምቼሃለሁ። ማን ነው የሚጀምረው?»

«ድንጋይ» አልኩ።

የቀለድኩበት መሰለው። መርማሪው ዘንድ ወሰደኝ። ስለ ራሴ ጉዳይ አንድም ቀን ጠርቶ ያላነጋገረኝ መርማሪ ስለ ድንጋዩ ግን ረፋዱን ሙሉ ጠየቀኝ። ገደሉ የትኛው ነው? ከታች ማን አለ? ማንም የለም አልኩት። ቢጨንቀኝ የያዝኩትን የውሃ ኮዳ ከፍ አድርጌ ወለሉ ላይ ለቀቅኩለት። አላሳመነውም። ስመለስ ከገበሬው ለይተው ወዲያኛው ጥግ አስቀመጡኝ።

እሱ ግን አልተወኝም። ለሽንት ስንሰለፍ ኋላዬ ተጠግቶ በሹክሹክታ፣ «መምህር፣ ኪሎው በሁለቱም በኩል አለ። ይጣፋል። አያስፈልግም» አለኝ። ዞር እንዳልል ተከልክያለሁ። «ስንት መጣ?» አልኩት። «ሃያ ሜትር በሰከንድ።» እዚያ ቤት ከገባሁ ወዲህ ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የፈተናው ቀን ደረሰ፤ አልፈቱትም። ጠዋት ከሚሰጠን ውሃ ቆጥቦ ፊቱን ታጠበ። ነጠላውን አጣፍቶ ጀርባውን አቅንቶ ተቀመጠና፣ ከጥጉ ሆኖ ሁሉም እየሰማ «መምህር፣ ይፈትኑኝ» አለኝ። ጠባቂውን ፈራሁ። ሰዉ ግን ወሬውን አቁሞ መሀላችን ያለውን ቦታ ለቀቀልን።

ድምፄን ከፍ አድርጌ ጠየቅኩት፦ «አሥር ኪሎ ዕቃ ከአምስት ሜትር ከፍታ በተዳፋት ተንሸራቶ ወረደ። ታች ሲደርስ ፍጥነቱ ስምንት ሜትር በሰከንድ ነው። የጠፋ ኢነርጂ አለ? ካለ ስንት?»

ዓይኑን ጨፈነ። ቀመር አልጠየቀኝም። «ላይ ሲሆን…» ብሎ ሲጀምር በሩ ተከፈተ። ጠባቂው ስሙን ጠርቶ «ዕቃህን ይዘህ ውጣ» አለው። ወደ ሌላ ቦታ ሊያዛውሩት ነው።

«ፈተና ላይ ነኝ» አለ።

«ምን?»

«ፈተና ላይ ነኝ። ልጨርስ።»

ጠባቂው ዱላውን አነሣ። ገበሬው ዓይኑን አልገለጠም፣ አልተነሣምም። «ላይ አምስት መቶ ጁል ነበረው። ታች የቀረው ሦስት መቶ ሃያ ነው። መቶ ሰማንያው በግጭት ወደ ሙቀት ተለውጧል።» ከዚያ ዓይኑን ከፈተ። «ልክ ነኝ፣ መምህር?»

«ልክ ነህ።»

ነጠላውን አራግፎ ተነሣና በራሱ እግር ወጣ። የመጀመሪያው ዱላ ያረፈበት ከበሩ ውጭ ነው፤ ድምፁን ሰማነው።

እኔን ከወራት በኋላ ለቀቁኝ። ለምን እንደታሰርኩ የነገረኝ የለም። እሱ ተፈቶ በዓመቱ መፈተኑን ስልክ ደውሎ ነገረኝ። በፊዚክስ ጥሩ አምጥቷል፤ ድምሩ ግን ለዩኒቨርሲቲ አልደረሰም። «እንግሊዝኛው ነው የጣለኝ፣ መምህር» አለኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ንዴቱ ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም።

አሁን እዚያው ትምህርት ቤት ነኝ። ተማሪዎቼ ዛሬም ጥያቄውን አንብበው ሳይጨርሱ «ቀመሩ የትኛው ነው?» ይሉኛል። ዛሬም እናደዳለሁ። ግን መልስ የጀመረ ልጅ ካለ ደወል ቢደወልም፣ ቀጣዩ መምህር በር ላይ ቆሞ ቢያጉረመርምም፣ እስኪጨርስ ከክፍሉ አልወጣም።